አንድ ዓይን ተኩል

ፊት መሣል የተማርሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ይኸን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ማዘን ያማረው ሌላ ሰው ይፈልግ። የምናገረው ያለዚያ የሚቀጥለው ነገር ስለማይገባ ነው።

ፊደል የቆጠርሁት አርባን ካለፍሁ በኋላ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ከሽንኩርት ቸርቻሪ ሴቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ያህል ጎንደር ከተማ ውስጥ ማስታወቂያ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ጻፍሁ ስል ሣልሁ ማለቴ ነው። ባለሱቁ በወረቀት ጽፎ ይሰጠኛል፤ እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ቅርጹን እገለብጣለሁ። «በ» ለእኔ ባለ ሁለት እግር ዱካ ነበረች፤ «ሐ» ባለ ሦስት እግር፤ «መ» መነጥር። አራዳ ውስጥ አንድ የጨርቅ ሱቅ ላይ ላሜራው አለቀብኝና የመጨረሻዋን ፊደል ትቼ ወረድሁ፤ ጌጥ መስላኝ። «ጨርቃ ጨር» ሆኖ ቀረ። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ድገመው አላሉኝም። ገበያተኛው ግን ሱቁንም ሰውዬውንም «ጨርቃ ጨር» እያለ ጠራቸው፤ እስኪሞቱ ድረስ በዚያው ስም ተጠሩ።

ከዚያ ባነር መጣ። አንድ ጎረምሳ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ዳቦውን እየገመጠ ያትመዋል፤ ከሰዓት በኋላ ተሰቅሎ ታየዋለህ። ፊደሉ አይንጋደድ፣ ቀለሙ አይንጠባጠብ። በሁለት ክረምት ይቦጫጨቃል፤ ቢቦጫጨቅ ማን ግድ አለው፣ ሌላ ያሳትማሉ። የእኔ እጅ የጻፈው ላሜራ ሁሉ እየተነቀለ የዶሮ ቤት ክዳን ሆነ። በመጨረሻ የቀረኝ መሰላል፣ ስድስት ቡሩሽና ቀለም የማቀጥንበት ግማሽ ጣሳ አኳራጅ ነበር። ሥራ ከጠፋ መሰላሉን ሸጦ ገጠር፣ ድብ ባሕር፣ ወንድሜ ዘንድ መግባት ነው። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ሚስቱም ክፉ አይደለችም። ግን ካረጁ በኋላ የሰው ምድጃ ዳር ተቀምጦ «አያ፣ ብሉ እንጂ» መባልን እኔ አልችለውም። የሚያበሉህ ሰዎች ደግ ሲሆኑ ደግሞ የባሰ ነው፤ ልትቆጣቸው እንኳ አትችልም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው የጨርቃ ጨር ልጅ ያስጠራኝ። ከአባቱ ሱቁን ወርሷል። ዘራቸው ሁሉ እዚያው አራዳ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ፣ ከተማው የሚያውቃቸው ሙስሊሞች ናቸው። ጨርቅ እንደ ድሮው አልሸጥ ሲለው የሱቁን ግማሽ በኮምፔንሳቶ ከፍሎ አራት ቴሌቪዥን ደረደረና ጌም ቤት አደረገው። በዕድሜ ብዙም አንራራቅም፤ አያ የሚለኝ ለክብር ይሁን ለሹፈት እስካሁን አልለየሁም።

«አያ፣ ይኸ ሰው ፊደል ያጎድላል እንጂ ፊት አያጎድልም ሲባል ሰምቻለሁ» አለኝ።

«ማን ነው ያለ?»

«አባቴ ናቸው። ሟቹ ጨርቃ ጨር።»

ዓይኔን ወደ ቴሌቪዥኖቹ መለስሁ። 

የፈለገው ይኸ ነው። እነዚያ ቴሌቪዥኖች ላይ ወጣቱ አብዛኛውን ጊዜ ኳስ ይጫወታል። አንድ የድብድብ ጨዋታ አለ፤ እሱ ሲከፈት ግን ሰው በር ላይ ቆሞ ሳይቀር ያያል። እዚያ ጨዋታ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተዋጊ አለ። የእሱን ፊት ከመንገድ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ የሚበልጥ አድርጌ እንድሥልለት ነው።

«ሦስት ቀን እሰጥሃለሁ። ፊቱ ካየኝ ግድግዳው ያንተ ነው፤ የማዶውን ሱቅና የወንድሜንም ትሠራለህ። ካላየኝ ባነር አሳትማለሁ፤ አትቀየመኝ።»

«ግድግዳ እንዴት ነው ሰው የሚያየው?»

«እኔ ምን አውቄ። ሠዓሊው አንተ።»

አንድ ነገር ከንክኖኝ ጠየቅሁት። «በእናንተ ዘንድ ነፍስ ያለው ነገር መሣል ነውር አይደል እንዴ?»

«ነፍስ ያለውማ ነውር ነው። ይኸ ግን መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ ነገር ነፍስ የለውም፤ ወላሂ።»

ልጁ ናት ሽማግሌውን ያሳየችኝ። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ዕረፍት ሲሆን ጌም ቤቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ጎረምሶቹ ይፈሯታል፤ ሁሉንም ታሸንፋቸዋለች። ዱካ አቀረበችልኝና ቴሌቪዥኑን ከፈተች።

ሽማግሌው ነጭ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ወርዶ ወርዶ አንድ ዓይኑን ሊጋርድ ደርሷል። ከቅንድቡ እስከ ጉንጩ የተሰነጠቀ ጠባሳ አለው። ልብሱ ከየት አገር እንደሆነ አይታወቅም፤ ጋቢም አይደል፣ ካፖርትም አይደል። እሷ ጆይስቲኩን ይዛ ወዲያ ወዲህ አዘለለችው፤ ሁለት ሰው ጣለች። ያ አልገረመኝም። የገረመኝ ጆይስቲኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ሻሿን ስታስተካክል የሆነው ነው። ሰውዬው አልቆመም። ደረቱ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ይወርዳል። ክብደቱን ከግራ እግሩ ወደ ቀኙ ያዛውራል። አንድ ጊዜ አንገቱን አከከ።

«ምነው ይንቀሳቀሳል? አልነካሽው እኮ» አልኋት።

«ሲተውት እንዲህ ነው ጋሼ። ይተነፍሳል።»

«ማን ያስተነፍሰዋል?»

«የሠሩት ሰዎች ናቸው።»

«ለምን? ማንም ካልነካው ማን ያየዋል?»

አሰበች። «የሞተ እንዳይመስል ይሆናል» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት ማስታወቂያ ጽፌ፣ ከዚያ በፊት ለዓመታት ቅዱሳን ሥዬ፣ ሥዕል ማንም ሳያየው ምን ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የምሳ ሰዓቱ አለፈ፤ እኔ እዚያው ተቀምጬ ማንም ያልነካው ሽማግሌ ሲተነፍስ አያለሁ። ጎረምሶቹ «ፋዘር፣ ተራ ይያዙ እንጂ» እያሉ ያሾፋሉ።

በመጨረሻ ማወቅ ያለብኝን ጠየቅኋት። «ጻድቅ ነው ኃጥእ?»

ሳቀች። «ማ፣ ሽማግሌው? ጆይስቲኩን የያዘው ሰው ነው የሚያውቀው።»

«አልቀለድሁም። ደግ ነው ክፉ?»

«እሱማ አልተነገረም ጋሼ። መንደሩ ሲቃጠል እዚያ ነበር። ያቃጠለው እሱ ይሁን ሊያጠፋ የመጣ አይታወቅም። ያሸነፈ ጊዜ ጥሎ ሲሄድ ዞር ብሎ ያያል። እዚያ ላይ ያልቃል።»

ያንን አሳየችኝ። ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ በትከሻው በኩል ዞር ይላል። አንድ ዓይኑ ሙሉ ይታያል፤ ሌላው በአፍንጫውና በፀጉሩ ተከልሎ ግማሹ ብቻ። ያያል። ጠፋ።

ይኸ ጥያቄ ለምን ከባድ እንደሆነብኝ ልናገር። ጢሜ ማቀምቀም ሲጀምር የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዘንድ ገብቼ ነበር። መምህሬ ከገጠር ደብር ወደ ገጠር ደብር እየዞረ የሚሥል ሰው ነው። ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር ቀለም መበጥበጥ አይደለም፤ ዓይን መቁጠር ነው። «ጻድቅ ሁለት ዓይን፣ ኃጥእ አንድ ዓይን» ይል ነበር። ጻድቁ ፊቱን ሙሉ ወደ አንተ ያዞራል፤ ሰይጣንና አረመኔው ጎናቸውን ይሰጡሃል፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። «ሕዝቡ አያነብም። ዓይን ግን ይቆጥራል። የቱን እንደሚሳለም፣ የቱን እንደሚረግም በዚያ ያውቃል። አንዲት ዓይን ብትሳሳት ሰው ሰይጣን አሳለምህ ማለት ነው።»

በዓይን አልተሳሳትሁም። የተሳሳትሁት በፊደል ነው፤ ወይም እንደዚያ ተባለ። አንድ ደብር ላይ ከላይ ሰማዕቱን፣ ከታች ያስገደለውን ንጉሥ ሥለን ጨረስን። ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈውን መሪጌታው በሁለት ቁራጭ ወረቀት ጽፈው ላኩ። ሁለቱም ወረቀት በግዕዝ «ዘከመ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ እንዲህ እንደሆነ፣ እንዲህ እንደተደረገ ለማለት። እኔ ደግሞ ጽሑፍ የማውቀው በመጀመሪያው ቅርጹ ነው። መንታ ሆኑብኝ። መምህሬ «ይኸን ለላይ፣ ይኸን ለታች» ብሎ ሰጠኝ፤ ገለበጥሁ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን እዚያው መወጣጫ እንጨት ላይ የቀረውን ጎን ለጎን ሠራን። ፊደሎቹን በቀይ ያደመቃቸው እሱ ራሱ ነው።

በአሥረኛው ቀን መሪጌታው መጡ፤ አነበቡ፤ ጮኹ። ከሰማዕቱ ሥር የአረመኔው ስም፣ ከአረመኔው ሥር የሰማዕቱ ስም ተጽፏል። ሰበካው ሁሉ ተሰበሰበ። መምህሬ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀ፤ ወደ ግድግዳው አስጠጋና ጣቱን ከወረቀቱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ወረቀቱ ደጋግሞ አመላለሰ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። «ላይና ታች የማይለይ ከብት። ሂድ፤ ዳግመኛ ቡሩሽ ስትይዝ እንዳላይህ» አለ፤ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። በእግሬ ጎንደር ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱን ፊት በአንድ ዓይን ስሥለው ነው የኖርሁ፤ በሐሳቤ። አሁን ሞቷል። ሲሞት ልቅሶ አልደረስሁም። ከብት ልቅሶ አይደርስም።

ወደ ግድግዳው ልመለስ። የመጀመሪያውን ቀን ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን በስቱኮ ደፍኜ፣ በከሰል ነድፌ ፊቱን አቆምሁት። ክፉነቱ ካልተነገረ ጻድቅ ማድረጉ ይጠቅም እንጂ አይጎዳም ብዬ ሙሉ ፊቱን አዞርሁት፤ ሁለት ትልልቅ ዓይን ሰጠሁት፤ እጄ እንደለመደው ከዓይኑ ሥር ጥቁር መስመር አሰመርሁ። ቆንጆ ሆነ። ጠባሳውም ቢሆን ጸጋ መሰለ። ቡሩሼን አጥቤ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በማግሥቱ ጧት ስመጣ ባለሱቁ በሩ ላይ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል። ከግድግዳው ፊት አንዲት ነጠላ ያጣፉ አሮጊት አሉ፤ ከማርያም ቅዳሴ የሚመለሱ ናቸው። ጎንበስ ብለው ግድግዳውን በግንባራቸው ነኩ፤ ሳሙት፤ አማተቡ። ሁለት እርምጃ ሄደው ተመልሰው ደገሙት።

«የየትኛው ጻድቅ ነው ልጄ?» አሉኝ ቀለሙን እጄ ላይ አይተው።

ምን ልበላቸው። «ገና አላለቀም እማማ» አልኋቸው።

«ሲያልቅ ደግሞ እመጣለሁ» ብለው ሄዱ።

ባለሱቁ አሮጊቷ እስኪርቁ ጠበቀ። «አያ፣ ምን አደረግኸኝ? ሦስተኛዋ ናቸው። አንዷ ጧፍ የት ነው የሚበራው ብላ ጠየቀችኝ። ነገ ቄሶች መጥተው ታቦት ከዚህ ይውጣ ቢሉኝ ምን እላለሁ? ከነገ ወዲያ ደግሞ የእኛ ሰዎች መጥተው ቤተ ክርስቲያን ከፈትህ ወይ ይሉኛል። እኔ እኮ ጌም ቤት ነው ያልሁ።»

ልጅቱ ከውስጥ ሆና ሳቋን አፍና ነበር፤ አልቻለችም፣ ለቀቀችው። «አባዬ፣ ጫማ አውልቁ የሚል ጨምሩበት።»

«አንቺ ዝም በይ። አያ፣ ድፈነው። ዛሬውኑ።»

ደፈንሁት። ሰው የሳመውን ዓይን በኖራ መድፈን ምን እንደሚመስል አልናገርም። ከላይ ነው የጀመርሁ፤ ፀጉሩን፣ ግንባሩን፤ ዓይኖቹ እስከ መጨረሻው አዩኝ።

ሁለተኛውን ቀን ተናድጄ ሠራሁ። ጻድቅ አትፈልጉም? እንግዲያው ኃጥእ ውሰዱ። ጎኑን አዞርሁት፤ አንድ ዓይን፣ ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ የወጣ አገጭ። ለምን እንደሆነ አፍንጫው የመምህሬ አፍንጫ ሆነ። ያንን ሳውቅ አልተውሁም፤ እንዲያውም አስረዘምሁት። ሠላሳ ዓመት የታሰበ ፊት በግማሽ ቀን አለቀ። ከመሰላሉ ወርጄ ሳየው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ምንም አላለኝም።

ልጅቱ ወጥታ ብዙ አየችው። ስድብ ሳይመስልባት ልትሰድበኝ ቃል ትፈልጋለች።

«በይ ተናገሪ» አልኋት።

«ጋሼ፣ ይኸ... ሳንቲም ላይ ያለውን አንበሳ ይመስላል። የተቆረጠ ራስ። ይኸ ሰው ሲተውት አይተነፍስም።»

«ክፉ ነው የሣልሁ።»

«እሱ ገብቶኛል። ግን ክፉ መሆኑን ካወቅሁ ለምን አየዋለሁ?»

 እቤቴ ስሄድ ይኸው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እውነት ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሣልሁት ፊት ሁሉ አስቀድሞ የተፈረደበት ነው። ፍርዱን ሌላ ሰው ይሰጣል፤ እኔ ዓይን እቆጥራለሁ። ሥዕል አይቼ «ይኸ ሰው ምን እያሰበ ነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ያቺ ልጅ ያንን ነበር የምትጠይቅ።

ሦስተኛው ቀን የመጨረሻዬ ነው። ጧት ገስግሼ ደረስሁ፤ ልጅቱን ያንን ዞር የሚልበትን ደግመሽ ደጋግመሽ አሳዪኝ ልላት ነው። መብራት የለም። የአራዳ ሱቅ ሁሉ ውስጡ ጨልሟል። ጎረምሶቹ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«መቼ ይመጣል?» አልሁ።

«ሲመጣ ነዋ» አለ ባለሱቁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የባነሩን ሰውዬ ለማታ ቀጥሬዋለሁ አያ። ቃሌ ነው። እስከዚያ ሥራ» አለኝ።

ልጅቱ ሽማግሌው እንዴት እንደሚዞር በራሷ አንገት ልታሳየኝ ሞከረች። ቆንጆ ናት፤ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ምኗ እሱን ይመስላል። አመስግኜ ወደ መሰላሌ ሄድሁ፤ የትናንቱን ፊት በኖራ ደፈንሁት። የፊቱን ቅርጽ አውቀዋለሁ፤ ፀጉሩን፣ ጠባሳውን። ትከሻውን ወደ ግድግዳው ውስጥ አስገብቼ ራሱን ወደ መንገዱ መለስሁት። አንዱን ዓይን ሙሉ ነደፍሁ። ሁለተኛው ግማሽ መሆን አለበት። ግማሽ ዓይን ሠርቼ አላውቅም። ከሁለቱም ወገን የለም፤ መምህሬ ቢያየው ይኸ የማን ነው ይል ነበር። ቅርጹስ ይሁን፤ እይታው ግን ከየት ይምጣ? ጥሎ እየሄደ ዞር የሚል ሰው፣ ያጠፋው እሱ ይሁን አይሁን የማይታወቅ ሰው፣ ዓይኑ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?

እንዲህ ዞር ብሎ ያየኝ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቅ።

ወረቀቱን ነጥቆ፣ ጣቱን አመላልሶ፣ በትከሻው በኩል። እስከዚያ ሰዓት የፊቱ ጎን ብቻ ነበር ትዝ የሚለኝ፤ ሠላሳ ዓመት ያንን ጎን ስረግም ኖሬ ሌላውን አላየሁትም። አሁን ግማሹን ዓይን ልሥል ስል ግድ አየሁት። ቁጣ አልነበረበትም። ከብት ያለኝ አፉ ነው። ዓይኑ ፈርቶ ነበር።

ምን ያስፈራዋል? መሰላሉ ላይ ቆሜ ቡሩሹ እጄ ላይ ደረቀ። ጣቱን ነው ደጋግሜ ያሰብሁ። ከወረቀቱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ወረቀቱ። ያንን የጣት አካሄድ አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ሃያ ዓመት እንደዚያ ያደረግሁ። ይቺ ዱካ ያቺ ዱካ ናት፣ ይኸ መነጥር ያ መነጥር ነው እያልሁ። ማንበብ የሚችል ሰው ወረቀት ከግድግዳ ጋር አያስጠጋም፤ ያነባል፣ ያልቃል። ቀበሌ አዳራሽ ፊደል ከቆጠርሁ በኋላ እኔም አላስጠጋሁም። ደግሞስ በዚያ ዘጠኝ ቀን ውስጥ ያንን ጽሑፍ በቀይ ሲያደምቅ፣ ማንበብ የሚችል ሰው ቢሆን ሰማዕቱ ሥር የአረመኔ ስም ሲያደምቅ እጁ አይቆምም?

መምህሬ ማንበብ አይችልም ነበር። ወረቀቶቹን «ይኸን ለላይ፣ ይኸን ለታች» ብሎ የሰጠኝም እሱ ነው። ምናልባት የተሳሳተው እሱ ነው፤ ምናልባት እኔ ነኝ፤ «ዘከመ» ለሁለታችንም መንታ ነበረ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሆኖ ፊደል አያውቅም ቢባል እንጀራው ያኔውኑ ያልቅ ነበር። ከሁለታችን አንዱ ከብት መሆን ነበረበት፤ ዘወር ብሎ ያየኝ አውቄበት እንደሆን ሊያይ ነው። ያወቅሁበት መስሎት ይሁን ያላወቅሁበት፣ ያንን እንጃ።

አዘንሁለት አልልም። ለእኔ ማን አዘነ? በእግሬ ነው ጎንደር የገባሁ። ግን ደግሞ መርገሙ እንደ ቀድሞው አልመጣ አለኝ። በቦታው የመጣው ጥያቄ ነው። ስንት ደብር ላይ እንደዚያ በፍርሃት ሠርቶ ይሆን? ወረቀት ሲላክለት ልቡ እንዴት ይሆን ነበር? ለምንስ አልነገረኝ፣ እኔም ያው ነኝ እኮ። ሞቷል፤ አይጠየቅም።

ያንን ዓይን ሣልሁት። ሙሉውን ዓይን እንደሚቆጣ፣ ግማሹን እንደሚለምን። ከዓይኑ ሥር ጥቁር መስመር አላሰመርሁም፤ መስመሩ ለጻድቅ ነው። አፍንጫውን አሳጠርሁት፤ ትናንት ያለ አግባብ አስረዝሜበት ነበር። ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል ወረድሁ። መብራት አልመጣም።

ባለሱቁ ወጥቶ መንገዱ መሐል ቆመ። ወደ ግራ ሄደ። ወደ ቀኝ ሄደ። ተመልሶ በሩ ሥር ቆመና ቀና አለ። ከዚያ እንደ መቆጣት አለ።

«ምነው ይኸ ሰውዬ፣ ምን አደረግሁት?»

«ምንም አላደረግኸው።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ያየኛል? የሰረቅሁት ነው ወይስ የሰረቀኝ?»

«እኔም አላወቅሁ።»

ስልኩን አወጣ። የባነሩን ሰውዬ ሲያነጋግር ሰማሁት። «ወንድሜ አትምጣ። ግድግዳው ተይዟል» አለው። እኔ ዞሬ ቡሩሼን ማጠብ ጀመርሁ፤ ፊቴን ሰው እንዲያይ አልፈለግሁም።

እኚያ አሮጊት ቃላቸውን ጠብቀው መጡ። ከግድግዳው ፊት ቆሙ፤ ለመጎንበስ ጀመር አድርገው ተዉት። ጣታቸውን አንሥተው ዓይኑን ቆጠሩ፤ በእውነት ቆጠሩ። አንድ። ሁለተኛው ላይ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«ይኸ ጻድቅ አይደለም» አሉ።

«አይደለም እማማ።»

«ሰይጣንም አይደለም።»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚደረግ?» አሉኝ። ሳይስሙም ሳያማትቡም ቆመው ብዙ አዩት። ስንት ቅዱስ ስሥል ማንም ያን ያህል ቆሞ አላየልኝም፤ ይስማሉ፣ ያልፋሉ። ሲሄዱ «ምስኪን» አሉ። ለእሱ ይሁን ለእኔ አልገባኝም።

በማግሥቱ መብራት መጣ። ልጅቱ ቴሌቪዥኑን ከፍታ፣ ሽማግሌውን አቁማ፣ ወጥታ ግድግዳውን አየች፤ ገብታ ቴሌቪዥኑን አየች፤ እንደገና ወጣች። «አይመሳሰሉም እኮ ጋሼ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ግን ያንተኛው የበለጠ እሱ ነው» አለች። በዚያ ቀን ነው እርስዎ ማለቷን የተወች፤ ሳታውቀው ነው፤ ደስ አለኝ።

ገና ስም መጻፍ ይቀረኝ ነበር። ከፊቱ ሥር የሽማግሌው ስምና «ጌም ቤት» የሚል ይጻፍ ብሎ ባለሱቁ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። «አያ፣ እባክህ ይኸ ግድግዳ ሰፊ ነው፤ አያልቅብህም። መጨረሻዋንም ፊደል ጻፋት» አለኝ። ጎረምሶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አንድ ጊዜ አነበብሁት። ከግድግዳው ጋር አላስጠጋሁትም። አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁና መሰላሉ ላይ ወጣሁ።